አንድ ቁጥር፣ ሁለት መሣሪያ፦ ጎንደር ማራኪ ላይ የገጠመን የድራይቨር ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው ከውኃ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሌሊት ይመጣል። የምንማማርበትን ክፍል ያከራዩን እትዬ በየጠዋቱ መሰላል ላይ ይወጣሉ። የሮቶውን ክዳን ከፍተው በዱላ ይለካሉ። ዕድሜያቸው ሰባን ሊሞላ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ከረሙና አንድ ቅዳሜ «ጋሼ፣ ለምን መለኪያ አንሠራላቸውም?» አሉኝ።

እኛ ማራኪ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቅዳሜና እሑድ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ዘጠኝ ያረጁ ዴስክቶፖች አሉን። ሁሉም ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ነው የጫንነው። ጠዋት አሥራ ሁለት የሚሆኑ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ለሌላ ሰው ክፍት ናት። ስለዚያ ሰው ኋላ እመለሳለሁ። የዚህ ጉዳይ ግማሹ እሳቸው ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከሮቶው ክዳን ሥር የአልትራሳውንድ ሴንሰር ይታሰራል። ሴንሰሩ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ወደ ሴንቲ ሜትር ይቀየራል። አንድ ትንሽ ቦርድ ቁጥሩን አንብቦ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ቤቱ ፎቅ ስላልሆነ 5 ሜትር ገመድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የረዘመ የዩኤስቢ ገመድ አይታመንም።

ቦርዶቹ አርዱዊኖ የሚባለው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ቅጂዎች ናቸው። ኦሪጅናሉ ለኛ ኪስ አይቀመስም። ሥራቸው ያው ነው። ልዩነቱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግራቸው ቺፕ ላይ ነው። ቅጂዎቹ ላይ ያለው ሲኤች 340 የሚባል ርካሽ ቺፕ ነው። ይህችን ልዩነት ልብ በሉልኝ።

ታየ፣ ጠፋ

ቦርዱን ሰካነው። መብራቱ በራ። ፕሮግራም ልንጭንበት ፖርቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚያነጋግርበትን በር ብንፈልግ የለም። ነቅለን ሰካነው። አሁንም የለም። ሌላ ማሽን ላይ ሞከርን። ያው ነው። ያው ቦርድ ከወር በፊት እነዚሁ ማሽኖች ላይ ሲሠራ ነበር። በመካከሉ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኖቹን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ወጣ አንድ የታወቀ የሊኑክስ እትም አሳድገናቸው ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ገመዱን ነው። ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ዳታ። ገበያ ላይ ግን የዳታ ሽቦ የሌላቸው፣ ለቻርጅ ብቻ የሚሆኑ ገመዶች ሞልተዋል። መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ገመድ ቀየርን። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ አንዱ ልጅ «ድራይቨር የለውም፣ እናውርድ» አለ። ድራይቨር ማለት አንድን ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እሱን ማውረድ የዊንዶውስ ልማድ ነው። በስልክ ዳታ አወረዱ። የወረደው የሶርስ ኮድ ነበር። ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር (ኮምፓይል ለማድረግ) ግማሽ ቀን ታገሉ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደባቸው። በመጨረሻ ተሳክቶላቸው ጫኑት። ቦርዱ ግን አሁንም የለም።

ይህ ግማሽ ቀን የኔ ጥፋት ነው። ድራይቨሩ ቀድሞውንም ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት ጋር አብሮ መጥቷል። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ነው የሚኖረው፣ እየዞሩ የሚፈልጉት ነገር አይደለም። ይህን እያወቅሁ «ቆይ፣ መጀመሪያ ከርነሉ የሚለውን እንስማ» አላልኩም። ልጆቹ ሲታገሉ ማየት ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

እሑድ ጠዋት የከርነሉን መዝገብ ከፈትን። ዲሜሴጅ የሚባለው ትእዛዝ ነው የሚያሳየው። ቦርዱን ሰክተን መስመሮቹ ሲወጡ ጮክ ብለን አነበብን። አዲስ ዕቃ መጣ። የአምራች ቁጥሩ 1ኤ86፣ የምርት ቁጥሩ 7523። የሲኤች 341 ድራይቨር አወቀው፤ ይህ ድራይቨር ሲኤች 340ንም ያገለግላል። ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 ከሚባል ፖርት ጋር አያያዘው። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው። አፍታ ሳይቆይ አንድ እንግዳ መስመር መጣ። ሲኤች 341 የያዘውን ክፍል «ብሬል ቲቲዋይ» የሚባል ፕሮግራም እየነካ ነው ይላል። ቀጥሎ፦ ዕቃው ከፖርቱ ተለያየ።

ድራይቨሩ አልጠፋም ማለት ነው። ተገናኝተው ነበር። ሦስተኛ ወገን መጥቶ ነው የለያያቸው።

ከርነሉ ማንን ከማን ያገናኛል?

እዚህ ላይ ሥራውን አቆምን። ነጭ ሰሌዳው ላይ ወጣሁና ሁለት ሰዓት ያህል ስለዚህ ብቻ አወራን። የቀረውን ለመረዳት ይህ ያስፈልጋል።

አንድ ዕቃ ዩኤስቢ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ ስም የለውም። ከርነሉ የሚያውቀው እዚህ ቀዳዳ ላይ የሆነ ነገር መሰካቱን ብቻ ነው። አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያ ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው 18 ባይት የሆነች መታወቂያ ይመልሳል። በዚህች መታወቂያ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የአምራቹ ነው፣ ሁለተኛው የምርቱ። ሁለቱም 16 ቢት ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ከ65,536 ዋጋዎች አንዱን ይይዛሉ። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 9 ካሉት ሌላ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደሎችንም በሚጠቀም ባለ አሥራ ስድስት ምልክት አጻጻፍ ስለሚጻፉ ነው እንደ 1ኤ86 ፊደል የሚቀላቀልባቸው።

በሌላ በኩል ድራይቨሮቹ አሉ። እያንዳንዱ ድራይቨር የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። የሲኤች 341 ድራይቨር ዝርዝር አጭር ነው። ጥቂት መስመር ናት። ከመስመሮቹ አንዱ 1ኤ86 ከ7523 ጋር ይላል።

በመካከል ያለው አገናኝ ባስ ይባላል። ዩኤስቢ አንድ ባስ ነው፣ ፒሲአይ ሌላ ባስ ነው። ባሱ ሁለት መዝገብ ይይዛል። አንዱ የዕቃዎች፣ አንዱ የድራይቨሮች። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ከድራይቨሮቹ ጋር በየተራ ያስተያየዋል። አዲስ ድራይቨር ሲጫንም ሰብሳቢ ካጡ ዕቃዎች ጋር ያስተያየዋል። ማን ቀድሞ መጣ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ይህ ዕቃ፣ ድራይቨርና ባስን በአንድ ሥርዓት የሚያይ አሠራር የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከወጣው የሊኑክስ 2.6 ከርነል ጋር ነው።

ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ግን ነገሩ አላለቀም። ሽማግሌ ተላከ ማለት ሠርግ ሆነ ማለት አይደለም። ባሱ ድራይቨሩን «ይህ ያንተ ይመስለኛል፣ እየው» ይለዋል። ይህ እርምጃ ፕሮብ ይባላል። ድራይቨሩ ዕቃውን ይመረምራል። ይሆነኛል ካለ ይተሳሰራሉ። የኔ አይደለም ካለ ባሱ ወደ ሚቀጥለው ድራይቨር ያልፋል።

አንዷ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። «ከርነሉ ሺህ ድራይቨር ካለው ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ይጭናል?» አይጭንም። ዕቃው ሲመጣ ከርነሉ ማንነቱን በአንድ ረጅም መስመር ጽፎ ወደ ውጭ ያውጃል። መስመሩ ሞድአሊያስ ይባላል። ከውጭ የሚያዳምጠው ዩዴቭ የሚባል ፕሮግራም ነው። ዩዴቭ መስመሩን ከአንድ ትልቅ ማውጫ ጋር ያመሳክራል። ያ ማውጫ ከድራይቨሮቹ ሁሉ ዝርዝር ተሰብስቦ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። የሚገጥመው ከተገኘ ያን ድራይቨር ብቻ ይጭናል። ከዚያ ባሱ የቀረውን ይሠራል።

«ታዲያ ማውዝ የትም ሲሰካ የሚሠራው ለምንድን ነው? ስንት ዓይነት ማውዝ አለ!» አለ ሌላው። መልሱ ዕቃው ስለራሱ በሚናገረው ውስጥ ነው። ዕቃው ከቁጥሮቹ ሌላ መደቡንም መናገር ይችላል። ኪቦርድና ማውዝ መደብ 3 ናቸው። ፍላሽ ዲስክ መደብ 8 ነው። ድራይቨሩ «መደብ 3 የሆነ ሁሉ ወደኔ ይምጣ» ይላል። የአምራቹ ቁጥር አያስጨንቀውም። አንድ ዕቃ ከአንድ በላይ ድራይቨር ሊኖረውም ይችላል። ዩኤስቢ ላይ ድራይቨር የሚታሰረው ከሙሉ ዕቃው ጋር ሳይሆን ኢንተርፌስ ከሚባለው ክፍሉ ጋር ነው። ማይክና ቁልፎች ያሉት ሄድፎን ድምፁን ለድምፅ ድራይቨር፣ ቁልፎቹን ለኪቦርዱ ድራይቨር ይሰጣል።

ኦሪጅናሉ አርዱዊኖ ኡኖ የራሱ የአምራች ቁጥር አለው። 2341 ነው። ደግሞም ራሱን በታወቀ የመገናኛ መደብ ያስተዋውቃል። ስለዚህ በመደቡ ይታወቃል። የኛ ቅጂ ግን መደቡ 255 ነው። 255 ማለት «እኔ የራሴ ነኝ፣ በመደብ አትፈልጉኝ» ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የሚታወቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ።

ቁጥሩ ደግሞ የማን ነው? ይሄ ነው የጉዳዩ እምብርት። 1ኤ86 ከ7523 ጋር የቦርዱ ስም አይደለም። የቺፑ ስም ነው። ያ ቺፕ ያለበት ቦርድ ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይናገራል። የራስን የአምራች ቁጥር ለማግኘት ቁጥሮቹን ለሚያድለው የዩኤስቢ ማኅበር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ያስፈልጋል። አነስተኛ አምራች ይህን አይከፍልም። ቺፑን ገዝቶ ሲገጥም ከነቁጥሩ ይተወዋል።

ሦስተኛው ወገን

ብሬል ቲቲዋይ ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። የሊኑክስ የጽሑፍ ገጽ ላይ ያለውን ፊደል ወደ ብሬል ማሳያ ያስተላልፋል። ብሬል ማሳያ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ያሉት ዕቃ ነው። ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ፊደል ይሠራሉ። ተጠቃሚው በጣቱ ያነባቸዋል።

ፕሮግራሙ የሚነሳው በዩዴቭ ደንብ ነው። ደንቡን ከፍተን አየነው። «ይህ ቁጥር ያለው ዕቃ ከመጣ ብሬል ቲቲዋይን አስነሳ» የሚሉ ብዙ መስመሮች አሉ። ከነሱ አንዱ 1ኤ86 ከ7523 ጋር ይላል። ከበላዩ ማብራሪያም አለ። ባለ 20 ክፍል ብሬል ማንበቢያ ነው ይላል፤ አንዱ ክፍል አንድ ፊደል ያሳያል። ያ ማንበቢያ ውስጡ እንደኛ ቦርድ ሲኤች 340 ቺፕ አለው ማለት ነው። በቁጥር ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።

የደንቡ ፋይል ስም በ85 ይጀምራል። ድራይቨር የሚጭነው ደንብ ፋይል ስም ደግሞ በ80 ይጀምራል። ዩዴቭ በቁጥር ቅደም ተከተል ነው የሚያነባቸው። ብሬል ቲቲዋይም እንደ ፕሮግራም ለመነሳት ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ቦርዱ መጀመሪያ ከትክክለኛው ድራይቨር ጋር ይገናኛል፣ ለአፍታ ይታያል፣ ከዚያ ይነጠቃል። ታየ ጠፋ የሆነብን ለዚህ ነው።

«ፕሮግራም እንዴት ከከርነል ይነጥቃል?» አለ አንዱ፣ ትንሽ ተናድዶ። ከርነሉ ራሱ በር ስለሰጠው ነው። በቂ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ዩኤስቢኤፍኤስ በሚባል መንገድ ድራይቨሩን አስለቅቆ ዕቃውን በቀጥታ ሊይዝ ይችላል። አጣራን። ሲስ በሚባለው የከርነሉ ማሳያ ማውጫ ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ይታያል። የቦርዳችን ባለቤት ሲኤች 341 መሆን ሲገባው ዩኤስቢኤፍኤስ ይላል። ብሬል ቲቲዋይን አስቆምነው። ቦርዱን በእጃችን ከሲኤች 341 ጋር አሰርነው። ወዲያው ፖርቱ መጣ። ምርመራው እዚህ አለቀ።

መፍትሔው ግን አላለቀም። እውነተኛው ስሕተት የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው።

ብሬል ቲቲዋይን አውጡት

ችግሩን የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ምክር አንድ ነው። «ብሬል ቲቲዋይን አጥፋው።» አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ልጆቹ ያን እሑድ ማታ ከዘጠኙም ማሽኖች አጠፉት። እኔም «ጎበዝ» አልኳቸው። ሴንሰሩን ባልዲ ላይ ሞከሩት። ቁጥሩ በትክክል መጣ። ደስታቸው ልዩ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህር መጡ።

መምህር የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። ውጭ አገር ያለች እኅታቸው የላከችላቸው ባለ 40 ክፍል ብሬል ማሳያ አላቸው። ኮምፒውተር ቤታቸው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጅ ይዘው ከኮሌጅ በኩል ይመጣሉ። የመጨረሻው ማሽን ላይ ማሳያቸውን ሰክተው የፈተና ጥያቄያቸውን ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ ያርማሉ። ማንንም አያስቸግሩም። ምናልባት ለዚህ ነው ያልታወሱን።

ገበያ ደርሼ ስመለስ መምህር ማሳያውን ነቅለው እየሰኩ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆኗቸዋል። «ልጄ፣ ዛሬ ዝም አለብኝ» አሉ። «ዕድሜው ደርሶ ይሆን?» ዕቃቸው የተበላሸ መስሏቸዋል። ሌላ የሚገዙበት አቅም እንደሌላቸው አውቃለሁ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር አልረሳውም።

ወዲያው ገባኝ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ፕሮግራሙን መልሼ ልጫን ብል ኔትወርክ የለም። የዚያን ዕለት ፈተናቸውን ሳያዘጋጁ ተመለሱ። እስከ ባጃጁ ሸኘኋቸው።

በመንገድ ላይ ስለ ቁጥሩ ጠየቁኝ። እንዴት ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ይይዛል? ስለ ቺፑ አስረዳኋቸው። መምህር በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ትንሽ አሰቡና «ይኸማ ኅብረ ቃል ነው» አሉኝ። «አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ይገባል። ቃሉን ብቻ ይዘህ አትለየውም። አገባቡን አይተህ ነው።»

ቤት ገብቼ ይህን ሳስብ አመሸሁ። ልክ ናቸው። ደንቡ ቃሉን ብቻ ነው የሚያየው። አገባቡን ማየት ይቻል እንደሆነ መረመርኩ። ዩኤስቢ ዕቃ ከቁጥሩ ሌላ ስሙን በጽሑፍ፣ የራሱንም መለያ ቁጥር ሊናገር ይችላል። የኛ ቦርድ በጽሑፍ የሚለው «ዩኤስቢ ሲሪያል» ብቻ ነው። የራሱ መለያ ቁጥርም የለውም። ይህ የቺፑ ንግግር ነው፣ የቦርዱ አይደለም። ስለዚህ በመታወቂያ መለየት የሚቻልበት መንገድ አላገኘሁም።

ብሬል ቲቲዋይ በበኩሉ የሚያደርገው ስሕተት አይደለም። ዕቃውን «ብሬል ማሳያ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ማሳያ አይደለም ማለት ነው። ችግሩ፣ ለመጠየቅ መጀመሪያ ዕቃውን መያዝ አለበት። ሲይዘው ደግሞ ትክክለኛው ድራይቨር ይለቃል። ከርነሉ ውስጥ ፕሮብ የሚባለው ጥያቄ በድራይቨሮች መካከል በተራ ይካሄዳል፣ ዳኛውም ባሱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፕሮግራም ግን በዚያ ተራ ውስጥ የለም። የፕሮግራሙ ሠሪዎችም ይህን ያውቁታል። በራሳቸው አደረጃጀት የብሬል አምራች ቁጥሮችን በአንድ ፋይል፣ የጋራ ቺፕ ቁጥሮችን በሌላ ፋይል ለይተው አስቀምጠዋል። የጋራዎቹን ማብራትና ማጥፋት ለጫነው ሰው የተተወ ውሳኔ ነው። እኛ የተጠቀምንበት እትም ግን ሁሉንም በአንድ ፋይል ነበር ያመጣው።

አንድ መስመር

በነጋታው እሑድ ኔትወርክ ተመለሰ። ብሬል ቲቲዋይን ዘጠኙም ላይ መልሰን ጫንን። ከዚያ መምህርን በስልክ ጠይቀን ማሳያቸውን ይዘው እንዲመጡ ለመንናቸው። ቅር ሳይላቸው መጡ።

በዚህ ጊዜ ማንም ምንም እንዲነካ አልፈቀድኩም። መጀመሪያ የማሳያቸውን ቁጥር አየን። ሳይሰካና ከተሰካ በኋላ ያለውን ዝርዝር አወዳደርን። አዲስ የመጣችው መስመር የሳቸው ናት። የራሱ የአምራች ቁጥር አለው። መደቡም 3 ነው። ከ1ኤ86 ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ደንቡ ውስጥ የሳቸው ቁጥር በራሱ መስመር ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ማጥፋት ያለብን ፕሮግራሙን ሳይሆን አንዷን መስመር ብቻ ነበር።

ዋናውን ፋይል አልነካነውም። ሲስተሙ ሲታደስ ይተካልና። ዩዴቭ ግን ጥሩ ልማድ አለው። ኢቲሲ ሥር በሚገኘው የደንቦች ማውጫ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ የሚያነበው ያንን ነው። ከፕሮግራሙ ጥቅል ጋር የመጣውን ፋይል ይተወዋል። ቅጂ ወደዚያ አደረግን። የ1ኤ86 መስመር ፊት የማብራሪያ ምልክት ጨመርንባት። መስመሯ አልተሰረዘችም፣ ተኝታለች። ዩዴቭ ደንቦቹን እንደገና እንዲያነብ አዘዝነው።

ይህ መንገድ የራሱ ዋጋ አለው። ወደፊት ጥቅሉ ቢሻሻልና አዲስ የማሳያ ቁጥሮች ቢጨመሩበት እኛ ማሽኖች ላይ አይታዩም። የኛ ቅጂ ይሸፍናቸዋል። ደግሞም አንድ ቀን ያ ባለ 20 ክፍል ማንበቢያ ያለው ሰው ቢመጣ አይሠራለትም። ለዚህ ነው ከመስመሯ በላይ ምክንያቱንና ቀኑን በአማርኛ የጻፍነው። «ይህን ቁጥር የያዘ የብሬል ማንበቢያ ከመጣ ምልክቱን አንሱ፣ ቦርዶቹን ወደ ሌላ ማሽን ውሰዱ» ይላል። የመጨረሻው ማሽን ጎን ላይም ይህንኑ በወረቀት ለጥፈናል። ጠዋት የሚመጣና ከሰዓት የሚመጣ ሰው እንዲያየው ነው። ለመምህር ያቺኑ ማስታወሻ እንግሊዝኛ አድርገን የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀመጥንላቸው። ወረቀቱን እንዴት ያነቡታል?

ሙከራው አራት ዙር ነበረው። ቦርዱን ብቻ ሰካን። ሠራ። ማሳያውን ብቻ ሰካን። ሠራ። ሁለቱንም ሰክተን አንዱን ነቅለን ሌላውን መለስን። ሁለቱም ሠሩ። አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሁለቱም እንደተሰኩ ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነው። ማሽን ሲነሳ ቀድመው የተሰኩ ዕቃዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደ አዲስ ይታወጃሉ። ቅደም ተከተሉ በእጅ ሲሰካ ከሚሆነው ይለያል። በእጅ የሠራ ነገር ሲነሳ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። የኛ ግን አልተበላሸም።

ከዚያ ሴንሰሩ ከባልዲው ወጥቶ ሮቶው ላይ ታሰረ። ሴንሰሩ የሚለካው ከክዳኑ እስከ ውኃው ያለውን ባዶ ቦታ ስለሆነ ልጆቹ ከሮቶው ጥልቀት ላይ እየቀነሱ የውኃውን ቁመት አወጡ። ገመዱ በመስኮት ገብቶ መጨረሻው ማሽን ላይ ተሰካ። መምህር አልተነሱም፣ ማሳያቸው እንደተሰካ ነው። የቦርዱን ቁጥር የጽሑፍ ገጹ ላይ እንዲወጣ አደረግነው።

መምህር ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አሳረፉ። እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር።

«84» አሉ መምህር። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አሁንም 84።»

እትዬ ዱላቸውን አንስተው ወደ መሰላሉ ሄዱ። ሊያረጋግጡ ነው። ልጆቹ ተከተሏቸው። አንዱ ልጅ ዱላውን ተቀብሏቸው ወጣና ለካ። እርጥቡን በሜትር አየነው። 84 ከምናምን ነበር።